የታናሽየዋ ቅጠል

«ከታናሽየዋ መጋዘን የወሰድኩት ትምባሆ ወድቋል» ይላል የሁለቱን እህትማማቾች ቅጠል የመረመረው የላብራቶሪ ሰው፣ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ። «ካንሰር አምጪው ንጥረ ነገር ከታላቅየዋ በእጥፍ በልጧል። አምና አንደኛ የወጣ ቅጠል ነበር እኮ! ሙቀትና እርጥበት ታፍኖበት ካልከረመ በቀር እንዲህ አይሆንም።»

የታላቅየዋ አንጀት ቅቤ ይጠጣል። ፊቷን ግን ለቅሶ ቤት አስመስላዋለች።

ታናሽየዋ ክው ብላለች። «አንድም ቀን መስኮት ዘግቼ አላውቅም! እትዬ፣ ንገሪው እንጂ!»

«እኔ ምን አውቄ» ትላለች ታላቅየዋ።

ታውቃለች። እህቷ ወደ ቤት ስትሄድ ጠብቃ፣ በትርፉ ቁልፍ እየገባች የአየር መስኮቶቹን ስትዘጋ የከረመችው እሷ ናት። ጠዋት ቀድማ መጥታ ትከፍታቸዋለች። ቆርቆሮው ቀን የጠጣው ሙቀት መውጫ አጥቶ ያድራል፤ ቅጠሉም እያላበው ይነጋል። በዚህ ቤት «አባባ» ማለት የጀመረችው እሷ፣ «እናቴ» እየተባለች የምትቆላመጠው ግን ታናሿ። ይሄ ያንገበግባታል።

ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሁሉን ሲሰሙ የቆዩት እልኸኛው አባታቸው ከወንበራቸው ይነሳሉ። «የኔ እናት ቅጠል ነው የወደቀው? ሂድ ወዲያ!» ከታናሽየዋ ክምር አንድ ቅጠል ስበው በመዳፋቸው ያደቁና በወረቀት ይጠቀልላሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ሌላ አላጨስም። እስቲ ይግደለኝ!»

«ኧረ አባባ፣ ይተዉት! ከኔ መጋዘን ላምጣልዎት፤ የኔ እኮ አልፏል።»

«ያንቺን ለገበያ» ይላሉ፣ ክብሪት እየጫሩ።

ዝም ብትል አባቷ ያንን ጭስ ዕድሜ ልካቸውን ይምጉታል፤ አንዴ ካሉ አሉ ነው። ብትናገር ደግሞ እህቷ ከነክብሯ፣ ከነቁልምጫዋ ነጻ ትወጣለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነው። በዚህች ሰዓት እንኳ ቅናቷ ከፍርሃቷ አያንስም።

አባቷ አንዴ ይስባሉ። ደግመው ይስባሉ፤ ሳሉ ያጎብጣቸዋል።

«መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ!» ብላ ትጮኻለች። «ሆን ብዬ ነው! ይጣሉት!»

ጥፊውን ትጠብቃለች። እርግማኑን ትጠብቃለች። ያም ቢሆን ለእሷ የመጣ ነውና አይከፋትም።

የአባቷ ፊት ግን ይፈካል። «አላልኩህም?» ይሉታል የላብራቶሪውን ሰው። «የልጄ እጅ ምን ወጥቶለት!» ሲጋራቸውን ወርውረው ታናሽየዋን እቅፍ ያደርጓትና ግንባሯን ይስማሉ። «ልጄ» ሲሉ አንድ ብቻ የወለዱ ይመስላሉ።

ታናሽየዋ በአባቷ ትከሻ በኩል እህቷን አፍጥጣ ታያታለች። አባትየው አንዴም አልዞሩም። ሲጋራዋ መሬት ላይ ገና ትጨሳለች፤ ታላቅየዋ ቀስ ብላ ትጠጋና በጫማዋ ትረግጣታለች። ከጠፋችም በኋላ እግሯን አታነሳም።