የይርጋነሽ የሩጫ ጫማ

አሰጋሽ ከቢቸና ተነስታ ዱባይ የሄደችው ልጇን መክሊትን ልትጠይቅና አንድ ወር ልታርፍ ነው። እንዲህ ትበል እንጂ ልቧ ያለው ጫማ ላይ ነበር።

ጫማው ሞጣ ለምትኖረው ለታናሽ እህቷ ለይርጋነሽ ነው። ይርጋነሽ ስኳር አለባት፤ የጤና ጣቢያው ሐኪም በየጠዋቱ እንድትራመድ፣ ለዚያም ለስለስ ያለ የሩጫ ጫማ እንድታደርግ አዟታል። ችግሩ እህትማማቾቹ ተኳርፈዋል። ይርጋነሽ በሰው ሠርግ ላይ፣ ያውም ሙሽራው እየሰማ፣ "አንቺ እኮ አርጅተሻል፣ አውሮፕላን አይሆንሽም" ብላታለች። አሰጋሽ እንዲህ ያለውን ነገር የምትውጥ ሴት አይደለችም፤ ሁለት ወር ሙሉ አላናገረቻትም። አሁን ግን ሆዷ ባባና ጫማውን ይዛ ሞጣ ሄዳ ልትታረቅ ቆረጠች። ይቅርታውን የሚጠይቀው ግን ጫማው ነው፤ እሷ አፏን አትከፍትም።

መክሊት በእናቷ መምጣት ደስታዋን የምታደርግበት አጥታ ነበር። ሰባኛ ዓመት ልደቷን አከበረችላት፤ ነጭ በነጭ አልብሳ ያነሳቻትን ፎቶ በአበባና በሻማ አስጊጣ ፌስቡክ ላይ ለጠፈች፤ በማግስቱ ደግሞ ስልኳን ታክሲ ውስጥ ጥላ አዲስ ቁጥር አወጣች።

"አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን እኔንም ታክሲ ላይ ትረሺኛለሽ" አለች አሰጋሽ።

ልደቱ በተከበረ በሦስተኛው ቀን ጫማ ቤት ገቡ። ቤቱ የሞጣን ገበያ ያህላል።

"ይሄ ሁሉ ጫማ! እግሩስ የታለ?"

ሻጯ ፈገግታ የማይደክማት ወጣት ናት። አንድ አረንጓዴ ጫማ አምጥታ፣ ባሉበት ሆነው የሚሮጡበትን ማሽን በእጇ እያሳየች አሰጋሽን ትለማመጣት ጀመር።

"ምን ትላለች?"

"አድርጊውና እዚህ ላይ ሩጪ ትላለች፣ እማ።"

"ሮጬ የት ልደርስ? እዚሁ ነኝ እኮ! ደግሞ ባለጫማዋ እኔ አይደለሁም በያት። የባለጫማዋ እግር አካፋ ያህላል።"

"ስንት ቁጥር ነው ታዲያ?"

ይሄን አሰጋሽ አታውቅም። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ የመክሊትን ስልክ ተቀበለችና ወደ ይርጋነሽ ደወለች። ያነሳው ባሏ ስጦታው ነው። ከኋላው የብዙ ሰው ለቅሶ ይሰማል።

"ማን ልበል?"

"አሰጋሽ ነኝ። ይርጋነሽን አቅርብልኝ።"

"ማን?"

"አሰጋሽ! የሚስትህ እህት! ጆሮህ ተደፈነ?"

"በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!" አለ ስጦታው። ስልኩ ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ነገሩ ለአሰጋሽ ግልጽ ሆነላት። በቢቸና ስንቱን መርዶ ያረዳች ሴት ናት፤ ሞት ሲደበቅ እንዴት እንደሚደበቅ ማን ይንገራት? ሰውየው ስልኩን የጣለው የይርጋነሽን ሞት መናገር ቢያቅተው ነው።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። መክሊት ይዛው ወደ ውጭ ወጣች። አሰጋሽ በመስታወቱ ታያታለች፤ ልጅቷ አፏን በእጇ አፍናለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ስትመለስ ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር።

"እማ፣ እስቲ ቁጭ በይ። መጀመሪያ ትንሽ ነገር ቅመሺ" አለችና ከቦርሳዋ ብስኩት አወጣች።

ብስኩት! መርዶ የሚነገረው ሰው በባዶ ሆዱ እንዳይደነግጥ አስቀድሞ አፉ ላይ ነገር ጣል ይደረግለታል።

"ማንን ነው የምታቀምሺው? እኔ ስንቱን አቅምሼ አርድቻለሁ!"

ነጠላዋን አዘቀዘቀች። አረንጓዴውን ጫማ አንስታ ደረቷን መታችበት።

"እህቴን! ሳልታረቅሽ! ይሄን የሚሞላ እግር ከየት አመጣለሁ! እውነትሽን ነበር እህቴ፣ አርጅቻለሁ! አርጅቻለሁ!"

ሁለት ወር ሙሉ እንቢ ያለው ቃል ዱባይ ላይ ወጣ። ሻጯ ምኑም ሳይገባት አብራ አለቀሰች። ዘበኛው ውሃ ይዞ ሮጠ። አንድ ደንበኛ የሚሞክረውን ጫማ ሳያስር ሸሸ።

"እማ! ኧረ ስሚኝ!" መክሊት እጇን ያዘቻት። "እቴቴ ይርጋነሽ አልሞተችም! አሁን ያናገርኳት እሷን ነው!"

"ትዋሺኛለሽ።"

"ኪዳነ ምሕረትን!"

አሰጋሽ እንባዋን ጠረገች። ነጠላዋን አስተካከለች። አርጅቻለሁ ያለችውን ማን ማን እንደሰማ ግራ ቀኝ ቃኘች፤ አማርኛ የሚያውቅ እንደሌለ ስታረጋግጥ ቁጣዋ ተመለሰላት።

"ታዲያ ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ የሚያለቅሰው ለማን ነው?"

መክሊት ሳቋን መያዝ አቅቷት ወለሉ ላይ ዘፍ አለች።

"ላንቺ ነዋ፣ እማ። ፌስቡክ ላይ ባለሻማውን ፎቶሽን አይተው፣ ቢደውሉም የጠፋው ስልኬ አልነሳ ብሏቸው ነው። ዛሬ ሳልስትሽ ነው።"