ነጭ ጠጠር ያለባቸው ዛፎች

በማዳጋስካር ምሥራቃዊ ደን ዳር፣ በአምቦዲሃሲና መንደር፣ እንደ አስጎብኚው ሽማግሌ እንደ ቶቶዛፊ ዓይን ያለ ዓይን የለም ይባል ነበር። ሠላሳ ዓመት እንግዶችን ደን አስገብተዋል። ሌላው ሰው ቅርፊት ብቻ በሚያይበት ግንድ ላይ እሳቸው እንሽላሊት ያያሉ።

ያ እንሽላሊት ቀን ቀን ቁልቁል ተዘቅዝቆ ይተኛል። መልኩ የሻገተ ቅርፊት ነው። የጎኑ ቆዳ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ግንዱ ላይ ስለሚለጠፍ ጥላ እንኳ አይጥልም። ፈረንጆቹ አፍንጫቸው ሥር እያለ ሲፈልጉት ሽማግሌው ይስቁ ነበር።

በዚያ ዓመት ከዝናቡ በኋላ ሳቁ ቀረ። እንሽላሊቶቹ ጠፉ። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሦስቱ፣ ከዚያ ሁሉም። ቶቶዛፊ እንግዶቹን የጦጣ መሰሎቹን ሌሙሮች ጩኸት ብቻ አሰምተው ይመልሷቸው ጀመር።

«ሌባ ገብቶብናል» አሉ ለልጃቸው ለሶአዛራ።

ነገሩ እንግዳ አልነበረም። አምና ከወንዙ ማዶ ሁለት ሰዎች እንሽላሊት በካልሲ ጠቅልለው ለከተማ ነጋዴ ሊሸጡ ሲሉ ተይዘዋል።

ሶአዛራ ካገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ማሃሶሎ ከደቡብ፣ ከደረቁ የእሾህ አገር የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው። እንሽላሊት ማየትን ያስተማሩት አማቱ ራሳቸው ናቸው። አሁን ያ ይቆጫቸው ጀመር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ጠጠር ነከሱ።

«ይህን ሩዝ ማን ገዛው?»

«እኔ ነኝ አባባ» አለ ማሃሶሎ።

«በለስ ሲበላ ያደገ ሰው ሩዝ ምኑን ያውቃል!»

ሶአዛራ አንገቷን ደፋች። ሩዙን የለቀሙት ራሳቸው አባቷ ነበሩ።

ማሃሶሎ ጎህ ሲቀድ ቅርጫት ይዞ ይወጣል፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ባዶውን ይመለሳል። የት ነበርክ ሲባል «ማር ፍለጋ» ይላል። ማር ግን አምጥቶ አያውቅም።

ቶቶዛፊ አንድ ጠዋት ብቻቸውን ደን ገቡ። እንሽላሊት ከማይጠፋበት ከትልቁ ዛፍ ሥር እግራቸውን አንድ ነገር ጎረበጣቸው። ጎንበስ ብለው ዳሰሱ። ሦስት ነጭ ጠጠሮች፣ ተጠጋግተው የተቀመጡ። ከወንዝ የመጡ እንጂ የደን ጠጠር አይደሉም። ቀና ብለው ግንዱን አዩ። ባዶ ነው።

ሁለተኛው ዛፍ ሥርም ሦስት ጠጠር። ግንዱ ባዶ። እስከ ሰባተኛው ዛፍ ድረስ እንደዚያው።

«ምልክት ነው» አሉ ጮክ ብለው። «እያመለከተ ነው የሚወስዳቸው።»

በማግስቱ አድፍጠው ጠበቁ። የእግር ኮቴ ሰሙ፤ ጠጠር ከጠጠር ሲጋጭ ሰሙ።

«ማነው?»

ኮቴው ቀጥ አለ። «እኔ ነኝ አባባ» አለ የማሃሶሎ ድምፅ።

ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ጉባኤ ተቀመጠ። አዛውንቱ ቦቶቫ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ጠየቁ።

«ጠጠሩን ያስቀመጥከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ማሃሶሎ መሬት መሬቱን አየ።

«ተናገር እንጂ!» አለች ሶአዛራ። «ምላስህን ምን ቆለፈው? ባሌ ሌባ ነው ብዬ ከማን ጋር ውኃ ልቅዳ?»

«ይልቅስ ዛፎቹ ዘንድ እንሂድ» አሉ ቶቶዛፊ። «ባዶነታቸውን ሰው ሁሉ ይይልኝ። ከዚያ ለጃንደርማ ፖሊስ እንሰጠዋለን።»

ማሃሶሎ ያን ጊዜ ደንግጦ ተነሣ። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሲደነግጥ ማንም አላየውም።

«እዚያ አንሂድ! አባባ፣ እባክዎን ሰው ይዘው አይሂዱ።»

«አያችሁት?» አለ አንዱ። «ላቡን እዩት!»

«እሺ፣ እኔ ነኝ የወሰድኳቸው» አለ ማሃሶሎ። «ሁሉንም ወስጃለሁ፤ ሸጫለሁም። አምኛለሁ፣ እሰሩኝ። ደን መግባቱ ግን ይቅር።»

ሶአዛራ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ቦቶቫ ትንሽ አሰቡ። «ሰው ካመነ በኋላ የሚፈራው ምን ቀረው?» አሉና በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «እንሂድ።»

አምስት ሆነው ሄዱ፤ ቶቶዛፊ፣ ቦቶቫ፣ ባልና ሚስቱ፣ እንዳያመልጥ የሚጠብቅ አንድ ጎረምሳ። ማሃሶሎ መንገዱን ሁሉ «አባባ፣ እንመለስ» እያለ ይለምን ነበር።  ቶቶዛፊ ጉልበቴን አሞኛል ብለው የልጃቸውን ትከሻ ይዘው ይራመዳሉ።

ትልቁ ዛፍ ዘንድ ሲደርሱ ጠጠሮቹ እንደነበሩ ናቸው። ቶቶዛፊ ተጠግተው ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«እዩ! ሠላሳ ዓመት እዚህ ሳይኖር ቀርቶ አያውቅም። ዛሬ ምን አለ? ባዶ ቅርፊት!»

 የቦቶቫ በትር ከእጃቸው ወደቀ። ሶአዛራ መጀመሪያ በአባቷ እግር ሥር ያሉትን ነጭ ጠጠሮች፣ ቀጥሎ ባሏን አየች፤ ማሃሶሎ ፊቱን አዞረ።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ ቶቶዛፊ።

ከመዳፋቸው ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ እንሽላሊቱ ቀይ አፉን በልቅጦ ነበር፤ ከእሳቸው በቀር ሁሉም አየው።