ጃንጥላ የያዙት ሽማግሌ

ሥራዬ መሰረዝ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ፕሮግራም ቪዲዮ እያየ፣ የሚታየውን ለዓይነ ስውራን በድምፅ ይተርካል፤ የሌለ ነገር ሲቀባጥር እኔ እሰርዝበታለሁ። ከዚያ ዓይነ ስውሩ ታላቅ ወንድሜ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የታረመውን ያዳምጥና "ይለፍ" ይላል።

ያን ዕለት ገና ከጠዋቱ ዓይኔ ቦዞ ነበር። በልብስ ስፌት ትምህርቱ ላይ ፕሮግራሙ፣ "በሩ አጠገብ እርጥብ ጃንጥላ የያዙ ሽማግሌ ቆመዋል" አለ። ምስሉ ላይ ሽማግሌ ቀርቶ በርም የለም። ሰረዝኩት። በመኪና ጥገናው ቪዲዮ ላይ ያንኑ ደገመው። በሒሳብ ትምህርቱም ላይ እንደዚያው። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ! እየተነጫነጭኩ እስከ ምሳ ሰዓት ዘጠኝ ጊዜ ሰረዝኩት።

ወንድሜ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ።

"አንቺ፣ እኚህን ሽማግሌ ምን አድርገሻቸው ነው?"

"ባለ ጃንጥላውን? ጋሼ፣ እኔ እኮ ሰርዣቸዋለሁ። የትኛው ቪዲዮ ላይ አመለጡኝ?"

"ቪዲዮ ላይ መች ሰማኋቸው? ከጠዋት ጀምሮ እዚህ አጠገቤ ቆመው፣ 'ልጅቷ ለምን ታስወጣኛለች?' ይሉኛል። ኧረ ወንበር ስጪያቸው፤ ጃንጥላቸው እግሬን አበሰበሰው።"

ቀና ብዬ አየሁ። ከእሱ በቀር ማንም የለም። በመስኮቱ የቀትር ፀሐይ ይገባል። ከእኔ ይልቅ የደከመው እሱ ነው ብዬ ልስቅ አፌን ስከፍት፣ ጫማው ላይ አንድ የውሃ ጠብታ ወደቀ።

ቀጥሎም ሌላ።