ሦስት ኪሎ ስኳር ለዳሚት

ኸይሩ ፊቱን ወደ ጓሮው ቡና ተክል አዙሮ፣ ጆጉን ከኋላው ወደ ላሚቱ ዘርግቶ ውሃ ያፈሳል። የት እንደሚያፈስ አያይም። ማየትም አይፈልግም።

«ወደ ግራ በል እንጂ! ጭራዋን እኮ ነው የምታጥበው» ይላሉ ማናልሞሽ፣ የላሚቱ ባለቤት።

«እትዬ፣ ሽታው አናቴን ሊበጥሰው ነው።»

ላሚቱ ዳሚት ጎህ ሲቀድ ወለደች። ጥጃዋ በእግሩ ቆሞ ሁሉም እልል ካለ በኋላ ደግሞ እንደገና አማጠች፤ በሁለተኛው ምጥ የወጣው ማሕፀኗ ነው። እንደ ተገለበጠ ከረጢት እንሰት ቅጠል ላይ ተዘርግፏል። ቀይ ነው፣ ያብለጨልጫል፣ እንደ እንጉዳይ ጉብ ጉብ ያለ እብጠት በላዩ ሞልቷል። እበት ተለጥፎበታል፣ ዝንብ ሰፍሮበታል። ኸይሩ አንዴ ብቻ ነው ያየው፤ ከዚያ ወዲህ ፊቱን አልመለሰም።

ኸይሩ ደም አይችልም። ሸኮ ላይ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ የአረፋ ዕለት በጉን የሚያርድለት ሌላ ሰው ነው፤ እሱ በሩን ዘግቶ ይቀመጥና ሥጋው ታጥቦ ሲገባ ብቻ ይወጣል። ግን ማናልሞሽ ጎረቤቱ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት በዚህች ላም ወተት ነው። «እንዳይደርቅባት ውሃ አታቋርጥ» ስላሉት አላቋረጠም። አራት ጀሪካን ጨርሷል።

«ይሄ ነገር እኮ እያደገ ነው» ይላል አራጁ ታፈሰ፣ አጥሩ ሥር ቁጭ ብሎ ቢላዋ እየሳለ። «ሲወጣ ትራስ ነበር፤ አሁን ፍራሽ ሆኗል። እትዬ፣ ሳትሞት ትታረድ። ለቅርጫው ስምንት ሰው ተገኝቷል። ሻኛዋን ከወዲሁ የጠየቀኝም አለ።»

«ሻኛ ያርግህ!» ይላሉ ማናልሞሽ፤ ድምፃቸው ግን ይሰበራል።

የከብት ሐኪሟ ሐፍሳ በሞተር የደረሰችው ይሄኔ ነው። እጇን ታጠበች፣ ተንበረከከች፣ ያንን ነገር እንደ ሕፃን በሁለት እጇ አቀፈችው።

«ማነው ውሃ ያፈሰሰበት?»

«እኔ ነኝ። ንጹሕ የምንጭ ውሃ ነው» ይላል ኸይሩ።

«ጋሽ ኸይሩ፣ ሽምብራ ይሸጡ የለ? ውሃ ውስጥ ሲያድር ምን ይሆናል?»

«ያብጣል።»

«ሥጋም እንደዚያው ነው። እያንዳንዷ ሕዋስ ሽፋኗ ስስ ነው፤ ውስጧ ጨው አለ፣ የምንጩ ውሃ ደግሞ ባዶ ነው። ባዶው ውሃ ወደ ጨዉ እየሰረገ ገብቶ ነው እንዲህ የነፋው። አሁን በግድ ብገፋው ይቀደዳል። ከተቀደደ ያው፣ ቢላዋው ተስሏል።»

ኸይሩ ጆጉን መሬት ላይ ያስቀምጣል። ልርዳ ብሎ የሴትዮዋን ላም በገዛ እጁ ሲገድል መዋሉ ነው።

«እና መድኃኒት የለሽም?»

«መድኃኒቱ እርስዎ ሱቅ ነው ያለው። ሦስት ኪሎ ስኳር።»

ታፈሰ ይስቃል። «ሻይ ልታፈዪላት ነው?»

ኸይሩ አልሳቀም። ሮጦ ሄዶ ሮጦ ተመለሰ። ሐፍሳ ስኳሩን እየዘገነች እዚያ ቀይ ነገር ላይ ነሰነሰችው፣ ዙሪያውን እየዳበሰች አሸችው። «አሁን የበዛው በውጭ ነው። ውሃው ስኳሩን ፍለጋ በገባበት ይወጣል።»

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ነጩ ስኳር ይረጥባል፣ ይቀላል፣ ይቀልጣል። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ። ሐምራዊ ውሃ በእንሰቱ ቅጠል ቦይ መውረድ ይጀምራል። ሽታውስ! የደሙ ብቻ ይሻል ነበር፤ አሁን የከረሜላ ሽታ ተቀላቅሎበታል።

«ከዛሬ ጀምሮ ሻይዬን መራራውን ነው የምጠጣው» ይላል ኸይሩ አፍንጫውን ይዞ።

ግን ያ ነገር ይሟሽሻል። ይጨማደዳል፣ ፍራሹ ተመልሶ ትራስ ይሆናል። ታፈሰ መሳሉን ትቷል።

ሐፍሳ በመዳፏ እየደገፈች፣ ላሚቱ ትንፋሽ በሰበሰበች ቁጥር እየገፋች ታስገባዋለች። ክንዷ እስከ ትከሻዋ ገባ። ፊቷ ላይ ላብ ወረደ።

«አልደርስም። ጫፉ ውስጥ ተጣጥፎ ከቀረ ነገም መውጣቱ ነው። ረጅም ክንድ ያለው ሰው!»

የታፈሰ ክንድ እንደ ግንድ ነው፣ አያስገባም። ኸይሩ ግን የላይኛውን መደርደሪያ ያለ በርጩማ ነው የሚደርስበት። ማናልሞሽ ክንዱን ያያሉ፣ አይለምኑትም። ቢለምኑት እምቢ ይል ነበር።

ሸሚዙን ያወልቃል። «ቢስሚላህ» ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል።

ይፈጃል። እንደ ትኩስ ገንፎ ነው፣ ያሟልጫል፤ ያልቀለጠው ስኳር ቆዳውን ይፍቀዋል፣ ከዙሪያው ያለው ሥጋ ደግሞ እንደ ሕያው አፍ ክንዱን ይጨብጠዋል። ኸይሩ አንገቱን ወደ ጎን ጣል አድርጎ ያስታውካል።

«ያስመልሱ፣ ችግር የለም፤ ክንድዎን ብቻ እንዳያወጡ» ትላለች ሐፍሳ። «ጣትዎን ይሰብስቡ። በጡጫ። ቀስ… ይግፉ።»

ይገፋል። እንደገና ያስታውካል፣ እንደገና ይገፋል። ድንገት ከጡጫው ፊት የተጨማተረው ነገር፣ የተገለበጠ እጅጌ እንደሚቃና፣ ለስለስ ብሎ ይዘረጋል።

«ተዘረጋ!» ይላል ኸይሩ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ቀጥኗል።

ሐፍሳ ማሕፀኑ እንዲኮማተር መርፌ ወጋቻት። ዳሚት ትንሽ ቆይታ በጉልበቷ ተነሳች፣ ከዚያ በአራት እግሯ ቆመች። ማናልሞሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሳሉ። ኸይሩ ክንዱን ከገላው አርቆ፣ የሌላ ሰው ክንድ የያዘ ይመስል ቆሟል። እስከ ትከሻው ደምና ሽሮፕ ነው፤ ይወርዳል፣ ይለጠፋል፣ ይሸታል።

ላሚቱ አንገቷን ታዞራለች። ታሸተዋለች። ከዚያ እንደ ሞረድ በሚሻክር ምላሷ ከክርኑ ጀምራ ወደ ታች ትልሰዋለች። አንዴ። ደግሞ። ለሃጯ ከደሙ ጋር በጣቶቹ መሃል ይንጠባጠባል።

ኸይሩ በሌላ እጁ አፍንጫውን ይይዛል። ጥርሱን ይነክሳል። እንዲደርስላት ክንዱን ዝቅ ያደርግላታል።