መርዝ የለመደ አፈር

ታላቅየው የዶማ እጀታ ሲሰነዝርበት ታናሽየው ቀልድ መስሎት ነበር። ሁለተኛው ምት ክንዱን ሰበረው።

"ባቄላዬን ፈጀኸው!" አለ ታላቅየው፣ ዓይኑ ደም ለብሶ።

"ጋሼ፣ በእናታችን አጥንት፣ እጄ የለበትም!"

ማን ይመነው? ከድንበሩ በታች ያለው የታላቅየው ባቄላ በአረም ማጥፊያ ነዶ አልቋል። ከድንበሩ በላይ ያለው የሱ ግን ለምለም ነው። ጎረቤት ባይደርስ ኖሮ ያን ዕለት ነፍሱ አትተርፍም ነበር።

ከሁለቱም ማሳ አፈር ለምርመራ የወሰደችው የግብርና ባለሙያ ውጤቱን ይዛ ስትመጣ ክንዱ ገና በጄሶ ነበር። ሚስቱ ወፍጮ ቤት ሄዳለች።

"መርዙ በሁለቱም አለ" አለችው ባለሙያዋ። "ባንተ ግን ይብሳል።"

"ታዲያ የኔ ለምን አልነደደም?"

"አፈርህ ውስጥ መርዙን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ተባዝተዋል። እነሱን አይጎዳቸውም፤ ወደ ሰብሉ የሚደርሰውንም ይቀንሱታል። እንዲህ የሚባዙት ደግሞ መርዙ በየዓመቱ ሲደፋባቸው ነው። የወንድምህ አፈር አልለመደውም። ዘንድሮ ጎርፉ ካንተ ማሳ ይዞት ሲወርድ አልቻለውም።"

"እኔ አንድም ቀን ረጭቼ አላውቅም!"

"ማን እንደረጨው አፈር አይናገርም" ብላ ሄደች።

እሱ ግን ነገሩ ወለል አለለት። አባታቸው የላይኛውን ማሳ ለታናሹ ሲሰጥ ታላቅየው ቂም ቋጥሯል። ከዘንድሮ በፊት ለዓመታት ባቄላው እየቀጨጨ ሲወጣ፣ ሚስቱ "ይሄ መሬት ጠልቶናል፣ ሸጠን ከተማ እንግባ" እያለች ስታለቅስ፣ ለካ ያ ሰው ከታች ሆኖ ይስቅ ነበር!

መጥረቢያውን በደህና እጁ አነሳ።

ታላቅየው አጥሩን ያጥራል። "ክንድህ ተሻለው?" አለና ቀና ሲል መጥረቢያው አንገቱ ላይ አረፈ። ወደቀ። በእጁ የወንድሙን ሱሪ ጨምድዶ ያዘ። ታናሽየው እስኪለቀው ድረስ ደጋገመው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ተመልሳለች። ደሙን አይታ ዱቄቱን ለቀቀችው።

"ማንን ነው?"

"መርዝ ሲደፋብን የኖረውን! ወንድሜን!"

ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ቁጭ አለች።

"እሱ ምን አደረገ?" አለች። "መሬቱ ተስፋ ካስቆረጠህ ከተማ ይዘኸኝ ትገባለህ ብዬ፣ የደፋሁት እኔ ነኝ እኮ!"