የፈረቃው ቀመር

የከተማው የውኃ ፈረቃ ቅጡ በጠፋ ጊዜ፣ ውኃ መሥሪያ ቤቱ ከዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ዶክተር አስመጣ። ዶክተሩ ወራት ለፍቶ ውጤቱን ሊያቀርብ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ቆመ። ነዋሪው ባዶ ጀሪካኑን እግሩ ሥር አድርጎ ተቀምጧል፤ በኃላፊዎቹ ፊት የታሸገ ውኃ ተደርድሯል።

«የዛሬው የውኃ መጠን የሚወሰነው ባለፉት ቀናት ሁሉ በመጣው ድምር ነው» አለ ዶክተሩ ሰሌዳውን በምልክት ሞልቶ። «እኩልታው ቀላል አይደለም። ቢሆንም በየሳምንቱ ዝንፍ ሳይል ራሱን የሚደግም መፍትሔ መኖሩን አረጋግጫለሁ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላ እልል ያለም ነበር።

የነዋሪዎቹ ተወካይ ወይዘሮ አስካለ ተነሡ። «እግዜር ይስጥህ ልጄ። ታዲያ የኛ ሰፈር ቀን መቼ ነው?»

«እናቴ፣ እኔ ያረጋገጥኩት መኖሩን ነው። የትኛው እንደሆነ ማውጣት ሌላ ሥራ ነው።»

«ጀሪካን የሚሞላው እኮ ያ ሌላው ሥራ ነው» አሉ፤ አልተቀመጡም።

ዶክተሩ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ጻፈ፣ አጠፋ፣ እንደገና ጻፈ። በመጨረሻ ጠመኔውን አስቀምጦ ላቡን ጠረገ።

«መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ ዜሮ። ውኃው በዚህ ሳምንት አይመጣም፤ በሚቀጥለውም በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት አይመጣም። ዑደቱ ፍጹም ነው።»

የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ከታሸገው ውኃ ተጎንጭተው ክዳኑን ገጠሙና ፈገግ አሉ።

«እናመሰግናለን ዶክተር። እኛ እኮ ሥራ ላይ ካዋልነው ቆይተናል፤ የጎደለን የሳይንስ ማረጋገጫ ብቻ ነበር።»