አሮጌውን ሰርቨር ማን ይሸከማል?

ምንያህል ጭቅጭቅ አይወድም። ኮተቤ ባለው የችግኝ ድርጅት ኮምፒውተር የተባለ ሁሉ በእሱ እጅ ነው። ሰው ሲጨቀጭቀው በሩን ይዘጋል፣ ስልክ ሲጮህበት ያጠፋል፣ ማሽኖቹ በየደቂቃው የሚልኩለትን ረጃጅም ሪፖርት ደግሞ የዛሬ ስድስት ዓመት በተቀጠረ በሳምንቱ በቀጥታ «ጓዳ» ብሎ ወደ ሰየመው ፎልደር እንዲገባ አድርጎ ተገላግሏል። ስለዚህ ኢሜይሉ የተጠረገ ግቢ ነው። «ሰባት መልእክት ብቻ! ከኔ ተማሩ» እያለ ስክሪኑን ለመጣ ለሄደው ያሳያል። ኧረ ጉራው!

አዲሱ ሰርቨር የመጣ ጊዜ ግን ጭንቅ ሆነ። የስድስት ዓመቱ የኢሜይል ዳታቤዝ ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲሱ መዛወር አለበት፤ እሱ ደግሞ ከመወፈሩ የተነሳ አልነቃነቅ አለ። ምንያህል ሁለቴ ሞከረ፣ ሁለቴም መንገድ ላይ ቆመበት። እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ካልቀለለ ነገር ተበላሸ።

«ማን እንዳወፈረው አውቃለሁ» አለ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ገብረ ክርስቶስ። «እትዬ ፀዳለ ናቸው።»

ማን ያልጠረጠረ! ወይዘሮ ፀዳለ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ያለውን የድርጅቱን ችግኝ ጣቢያ ይመራሉ። ኮሶ በበቀለ ቁጥር ፎቶ ያነሳሉ፣ ወይራ ቅጠል ባወጣ ቁጥር ፎቶ ያነሳሉ፣ ያንኑ በኢሜይል ይልካሉ። «አራተኛ ቅጠሏን አወጣች፤ እንኳን ደስ ያላችሁ» ብለው ይጽፉበታል።

አቶ ገብረ ክርስቶስ አመነቱ። ምንያህል ግን የቅጣት ደብዳቤ ራሱ አርቅቆ አስፈረመ፣ ማኅተም አስመታ፣ ሰሌዳ ላይ ለጠፈ፦ «ዳታቤዙን ያጨናነቀው ሠራተኛ መልእክቶቹ በሙሉ ይደመሰሳሉ። አሮጌውንም ሰርቨር ራሱ ተሸክሞ እንጦጦ መጋዘን ያደርሳል።» መጋዘኑ መኪና የማይወጣው ዳገት ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወይዘሮ ፀዳለ እጃቸው ላይ ያለውን አፈር እንኳ ሳይታጠቡ ከተፍ አሉ።

«መሸከሙን እሸከማለሁ፤ ዳገቱ እንደሆነ ለምጄዋለሁ» አሉ። «ፎቶዎቼን ግን አትንካብኝ ልጄ። አምና ጎርፍ ጣቢያውን ጠርጎ ሲወስድብኝ የቀረኝ እነሱ ናቸው። የትኛው ዘር የት እንደጸደቀ በምን ላውቅ ነው?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

የምንያህል ሆድ ትንሽ ባባ። ትንሽ ብቻ። «አዝናለሁ እትዬ። ማኅተም ያረፈበት ነገር ነው።»

«ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀምክ እንዳይሆን! በል ማን ስንት እንደያዘ ዝርዝሩን አውጣልኝ። እሱን ካየሁ በኋላ እርሜን አወጣለሁ።»

«ምን ያደርጋል? ሦስት ሰዓት ይፈጃል እኮ!»

«አውጣላቸው» አሉ አቶ ገብረ ክርስቶስ። «ቁርጣቸውን ይወቁ።»

ምንያህል ትእዛዙን ሰጥቶ ማሽኑን ለቆጠራው ተወው። እስከዚያው ሥራ አልፈታም፤ ጠንካራ ገመድ ፈልጎ አመጣ፣ የሴትዮዋን ጀርባ እንዳይልጥ ብሎም አሮጌ ብርድ ልብስ አጣጥፎ አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም። ወይዘሮ ፀዳለ በሩ ሥር ተቀምጠው ገመዱን ያያሉ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ዝርዝሩ ከፕሪንተሩ ወጣ። አቶ ገብረ ክርስቶስ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ወረቀቱን አቀረቡት፣ አራቁት፣ እንደገና አቀረቡት።

«ወይዘሮ ፀዳለ ከመቶ ሦስት እጅ» አሉ።

«ሦስት?» አለ ምንያህል። «ሠላሳ ማለትዎ ነው?»

«ሦስት። ሰማንያ ስምንቱ «ጓዳ» የሚባል አንድ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። በል ክፈተውና እንየው።»

ከፈተው። ሦስት ሚሊዮን መልእክት አለበት፤ አንዱም አልተነበበም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ወይዘሮ ፀዳለ ብድግ ብለው፣ ብርድ ልብሱን አንስተው ምንያህል ትከሻ ላይ ጣል አደረጉና የመጀመሪያውን መልእክት ርዕስ ጮክ ብለው አነበቡት፦

«ለአቶ ምንያህል፦ ዳታቤዙ እየሞላ ነው። እባክዎ ያጽዱ።»